በግል የተመረጠ ሰውና የመንግሥት ሒሳብ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ፣ አራዳ፣ አዲስ አበባ፣ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች እንድናገርበት የሰጡኝ ርእስ «የመንግሥት ሥራ ንጽሕናና ተጠያቂነት» የሚል ነበር። ርእሱ ሰፊ ነው። ሰፊ ርእስ የተሰጠው ተናጋሪ ሁሉን ነካክቶ አንዱንም ሳይጨብጥ ከመድረክ መውረዱ የተለመደ ስለ ሆነ፣ ፈቃድ ጠይቄ አጠበብሁት። ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ ወንበር ነው። ሰውየው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ናቸው። ወንበሩም በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ከደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው ያገኙት፣ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 ወንበሮች አንዱ ነው። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ከማንም ድርጅት ጋር ያልቆመ አንድ ተመራጭ መንግሥትን ሒሳብ ለመጠየቅ በእርግጥ ምን አቅም አለው? አቅሙስ የሚመነጨው ከሰውየው ጠባይ ነው ወይስ ከተቀመጠበት ሥርዓት?

ጥያቄው ለሙያችን ባዕድ አይደለም። ሒሳብ መርማሪ ሰነድ ያገላብጣል፣ ቆጠራ ይቆጥራል፣ የጎደለውን ከተገኘው ያስተያያል፤ በመጨረሻም ሪፖርቱን ለአንድ አካል ያቀርባል። ያ አካል ሪፖርቱን ካላነበበው፣ አንብቦም ካልጠየቀበት፣ ድካማችን ሁሉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በመንግሥት ሒሳብ ረገድ ያ አካል ምክር ቤት ነው። ስለዚህ የምክር ቤት አባል ነፃነት የፖለቲከኞች ጉዳይ ነው ብለን ልናልፈው አንችልም፤ የእኛ ሥራ የሚያልቀው እዚያ ነውና።

ይህን ነገር አራዳ ላይ ሆኖ መናገርም ይስማማል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ገበያ የከተማው የገንዘብ እምብርት ነበር። የገበያው አለቃ ነጋድራሱ ነው። ቀረጡን የሚሰበስበው እርሱ፤ በነጋዴዎች መካከል ክርክር ሲነሣም ዳኛው እርሱ። ስመ ጥሩው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ከዚህ ሹመት ተነሥተው እስከ ሚኒስትርነት ደርሰዋል። ገንዘብ ሰብሳቢውና ዳኛው አንድ ሰው ሲሆኑ ሰብሳቢውን ማን ይጠይቀዋል? ዛሬ ማንኛውም ጀማሪ ኦዲተር በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው ነገር፣ ይኸውም ገንዘብ የሚቀበለውና ሒሳቡን የሚመረምረው ሰው አንድ መሆን የለበትም የሚለው ደንብ፣ በዚያ ሹመት ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ንጉሠ ነገሥቱ ካልጠየቁ ሌላ ጠያቂ የለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1904 ዓ.ም. ገደማ በታተመ ጽሑፋቸው የንጉሡ የግል ሀብትና የመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲለያዩ ሲመክሩ፣ የነገሩን ሥር የነኩት ይመስለኛል። የማን ገንዘብ እንደ ሆነ ያልተለየ ነገር ጎደለ ተብሎ አይጠየቅበትም።

በ1910 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ዓይነት መጠየቅ ታየ። መሐል ሰፋሪ የሚባለው ጦር ተሰብስቦ ሚኒስትሮቹ ይሻሩልን አለ፤ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀርም ሁሉም ተሻሩ። በአዲስ አበባ ታሪክ ባለሥልጣኖች በብዙ ሰው ጩኸት በአንድ ጊዜ ከወንበራቸው የወረዱበት ጊዜ ይህ ነው። ነገር ግን ሽረቱ የመጣው በጦር ብዛት እንጂ በመዝገብ ምርመራ አልነበረም። ጦሩ ሲበተን መጠየቁም አብሮ ተበተነ። ይህን የማነሣው ለታሪክ ያህል አይደለም፤ ከዚያ ወዲህም ባለሥልጣን በአገራችን ብዙ ጊዜ የወረደው በዚሁ ዓይነት መንገድ ስለ ሆነ ነው።

ከፒያሳ በራስ መኰንን ድልድይ በኩል ወርደን ወደ አራት ኪሎ ሽቅብ ስንወጣ ባለ ሰዓት ማማው የምክር ቤት ሕንፃ ይታያል፤ እርሱም ዛሬ በአራዳ ክፍለ ከተማ ክልል ውስጥ ነው። ከጀርባው የነበረው ሰፈር ባሻ ወልዴ ችሎት ይባል ነበር። የአገሪቱ ሕግ የሚወጣበት ቤት የአንድ ባሻ ችሎት በስሙ ላይ ከቀረ ሰፈር ጋር ጉርብትና መያዙ ደስ የሚል ነገር ነበረው፤ ሰፈሩ ግን ፈርሷል። የፒያሳም ብዙ ክፍል በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፈርሶ መልኩን ለውጧል። ሕንፃው እንዳለ ነው።

በዚያ ሕንፃ ውስጥ የግል ተመራጭ አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያውም በአንድ ወቅት ተመራጩ ሁሉ በግል የተመረጠ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ደነገገ፤ በ1950 ዓ.ም. መግቢያም የመጀመሪያው ምርጫ ተካሄደ። የፖለቲካ ድርጅት ስላልነበረ ማንም የማንም ድርጅት እጩ አልነበረም። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በሴትነታቸው የመጀመሪያዋ ተመራጭ ሆነው የገቡትና የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን የበቁት በዚያ ጊዜ ነው። ያው ሕገ መንግሥት ዋና ኦዲተር እንዲኖር፣ መዝገብ ሁሉ እንዲከፈትለት፣ ሪፖርቱንም ለንጉሠ ነገሥቱና ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ ያዛል። በጽሑፍ ሲታይ ከዚህ የተሻለ የሚመኝ ኦዲተር አይኖርም። ሚኒስትሮቹን ግን የሚሾሙትም የሚሽሩትም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ተመራጩ ከድርጅት ነፃ ነበር፤ ምክር ቤቱ ከዘውዱ ነፃ አልነበረም። ነፃ አባል ማለትና ነፃ ምክር ቤት ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያ ዘመን በደንብ ያሳያል።

የ1966 ዓ.ም. መርማሪ ኮሚሽንን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ በአገራችን ታሪክ ለዛሬው ጉዳያችን ከሁሉ የቀረበ ሙከራ እርሱ ነውና። በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሊቀ መንበርነት የተቋቋመው ይህ ኮሚሽን የቀድሞዎቹን ባለሥልጣኖች ሥራ፣ በተለይም የወሎን ረኃብ አያያዝ፣ እንዲመረምር ተሠየመ። ሊቀ መንበሩ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ ከቤተ መንግሥትም ከጦሩም ወገን አልነበሩም። ኮሚሽኑ ሰነድ ሰበሰበ፤ የታሰሩትን ባለሥልጣኖች ቃል ተቀበለ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ በእስር ቤት ሆነው ለኮሚሽኑ ረዥም የጽሑፍ መልስ አዘጋጁ። ጽሑፉ በኋላ ዘመን በመጽሐፍ መልክ ታትሟል፤ ያነበበ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ አንድ ባለሥልጣን ዘመነ ሥራውን ከመጀመሪያው ጀምሮ በጥያቄ ፊት ሲዘረዝር በአገራችን ጽሑፍ ብዙ አይገኝም። መልሱ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ገና ሊመረመር ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት አክሊሉን ጨምሮ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። የተጠያቂዎቹ ሬሳ በአንድ ጉድጓድ ሲገባ ምርመራው በእርግጥ አበቃ። በ1910 ዓ.ም. ያየነው፣ ጦር መዝገብን ቀድሞ የሚደርስበት ነገር፣ በከፋ መልኩ ተመለሰ። ስለ ሟቾቹ ጥፋት ወይም ንጽሕና ያለን አስተያየት ይለያይ ይሆናል፤ የኮሚሽኑ መዝገብ ሳይዘጋ መቅረቱ ግን ለሁላችንም ኪሳራ ነው።

አሁን ወደ ዶክተር ነጋሶ ልምጣ።

ዶክተር ነጋሶ በደምቢ ዶሎ ተወልደው ያደጉ ናቸው። አባታቸው ቄስ ጊዳዳ ሶለን ዓይነ ስውር ሰባኪ ነበሩ። ልጅየው የታሪክ ትምህርት አጥንተው በጀርመን አገር፣ በፍራንክፈርት፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በአካባቢያቸው በሰዮ ኦሮሞ ታሪክ ላይ ሠርተዋል። በሽግግሩ መንግሥት ሚኒስትር ሆኑ፤ በነሐሴ ወር 1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ ሲውል የፌዴራሉ ሪፐብሊክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ተብለው ተሠየሙ። ሕገ መንግሥቱን ያወጀው አዋጅ ቁጥር 1 የታተመው በእርሳቸው ፊርማ ነው። ይህን ፊርማ በልባችሁ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በዚያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹምም ተጠያቂ ይሆናል። አንቀጽ 54 ደግሞ የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። በዝርዝሩ ውስጥ ድርጅት የሚል ቃል የለም። ይህ አንቀጽ ከጸሐፊዎቹ አሳብ አልፎ የሄደ ይመስለኛል፤ ቃል በቃል ከተወሰደ እያንዳንዱ አባል በግል የተመረጠ ያህል ነውና።

የ1993 ዓ.ም. ነገር ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ገዢው ድርጅት ውስጡ ተከፈለ። በዚያው ሰሞን፣ በግንቦት ወር፣ የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ተቋቋመ። ከመጀመሪያዎቹ ተከሳሾች አንዱ ከተከፈለው ወገን የነበሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ ሆኑ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይለቀቁ ብላ ስትወስን ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ እንደገና ተያዙ፤ ወዲያውም በሙስና የተከሰሰ ሰው ዋስትና እንዳይሰጠው ሕጉ ተሻሻለ። አቶ ስዬ ስድስት ዓመት ያህል ታሰሩ። ክሱ እውነት ነው ወይስ ሐሰት የሚለውን ትቼ የጊዜውን ቅደም ተከተል ብቻ እንድታዩ እለምናለሁ። የመንግሥት ንጽሕና መሥሪያ ቤት ሲወለድ አዋላጁ የድርጅት ጠብ ከሆነ፣ ሕፃኑ አድጎም ቢሆን ሰው በጥርጣሬ ያየዋል። በሙያችን አነጋገር፣ መርማሪው የተሾመው ከባለ ጉዳዮቹ በአንዱ ነው።

ዶክተር ነጋሶ በዚያው ክረምት ከድርጅታቸው ተለዩ። ከፕሬዚዳንትነቱ ግን አልወረዱም፤ የመረጣቸው ምክር ቤት እንጂ ድርጅት አይደለምና ዘመናቸው እስኪያልቅ ተቀመጡ። በመስከረም መጨረሻ 1994 ዓ.ም. ለተተኪያቸው ለአቶ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አስረክበው ወጡ። በዚያው ሰሞን ስለ ሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት አስተዳደር የሚናገር አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። አዋጁ ከሥልጣን ለወረደ ፕሬዚዳንት መኖሪያ ቤት፣ ተሽከርካሪ፣ ጥበቃና ሕክምና ይሰጣል፤ ነገር ግን ከወገንተኛ ፖለቲካ ተለይቶ እንዲኖር ያዛል፤ ካልተለየ ጥቅሙን ያጣል። ርእሰ ብሔር ከወረደ በኋላ ገለልተኛ ሆኖ ቢኖር መልካም ነው የሚሉ ቅን ሰዎች አሉ፤ አሳባቸው የሚናቅ አይደለም። እኔም አዋጁ ለሚመጡት ፕሬዚዳንቶች ሁሉ በእርጋታ ታስቦ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ብዙ አልከራከርም ነበር። ሆኖም በወቅቱ ከወንበሩ የሚወርድ ፕሬዚዳንት አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከድርጅቱ የተጣላው።

በ1997 ዓ.ም. ያ ሰው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ወደ ትውልድ ከተማቸው ወርደው በግል ተወዳደሩ፤ አሸነፉም። በመላ አገሪቱ በግል ተወዳድሮ ለተወካዮች ምክር ቤት የተመረጠ ሰው እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ጥቅማ ጥቅሙ እንዲቋረጥባቸው ተደረገ። ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፍርድ አልቀናቸውም። ቀድሞ በክብር መኪና ያልፉበት በነበረው መንገድ በሚኒባስ ታክሲ ሲጓዙ የከተማው ሰው ያያቸው ነበር።

እዚህ ላይ ለሕግ አዋቂዎቻችን አንድ ጥያቄ ልተው። በግል መወዳደር ወገንተኝነት ነውን? ድርጅት ያለው ሰው ወገን አለው፤ ይህ ግልጽ ነው። ድርጅት የሌለው፣ ለመራጮቹና ለኅሊናው ብቻ እገዛለሁ ብሎ የቀረበ ሰው ግን የየትኛው ወገን ወገንተኛ ነው? በአንቀጽ 54 የተጻፈውን ቃል በቃል የፈጸመ ሰው በአዋጅ 255 ጥፋተኛ ከሆነ፣ ከሁለቱ ጽሑፎች አንዱ ሌላውን አላነበበውም ማለት ነው። ሁለቱም የወጡት በዚያው በነጋሪት ጋዜጣ፣ ከምክር ቤቱ ጥቂት እርምጃ ርቆ በሚገኘው በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ታትመው ነው። የመጀመሪያውን የፈረሙትም ሰው፣ ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኋችሁ ፊርማ ባለቤት፣ በሁለተኛው ቤታቸውን ተከለከሉ።

ይህን ሁሉ የተናገርሁት እንዲታዘንላቸው አይደለም። ሰውየው ለራሳቸው ሲያዝኑ የታዩ ሰው አልነበሩም። የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ የጠያቂ ነፃነት ከእንጀራው ጋር ሲታሰር ምን እንደሚሆን ለማሳየት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ኦዲተር ሆናችሁ የምትሠሩ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የዓመት ፈቃዱን፣ የደረጃ ዕድገቱንና የሥራ አፈጻጸም ውጤቱን የሚፈርምለት አለቃ በሪፖርቱ ውስጥ የተጠቀሰው አለቃ ሲሆን፣ ብዕር እንደ ደንጊያ ይከብዳል።

አሁን ወንበሩ ራሱ ምን ያህል እንደሚያነሣ እንመዝን፤ እዚህ ላይ የምንመካበት ቁጥር ስላለን ሙያችን ይረዳናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ከአባሎቹ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ በሕግ አስፈጻሚው ሥልጣን ላይ መወያየት እንዳለበት ይደነግጋል። የ547 አንድ ሦስተኛ 183 ነው። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ ኦፌዴን 11 ወንበር አገኙ፤ አንድ የግል ተመራጭ ሲጨመር 173። ሁሉም ገብተው፣ ሁሉም ተስማምተው፣ ሁሉም በአንድ ቀን ቢፈርሙ እንኳ አሥር ፊርማ ይጎድላል። ከቅንጅት ተመራጮች ብዙዎቹ ደግሞ አልገቡም። ከዚህ በላይ፣ ተሰናባቹ ምክር ቤት ከመበተኑ በፊት የአሠራር ደንቡን ለውጦ፣ ቀድሞ 20 አባሎች አጀንዳ ማስያዝ ይችሉ የነበረውን ከግማሽ በላይ ድምፅ እንዲያስፈልገው አደረገ። ደንቡ በኋላ ቢሻሻልም የአዲሱ ምክር ቤት ሥራ የተጀመረው በዚያ ነው። ስለዚህ የደምቢ ዶሎው ተመራጭ የነበራቸው አቅም እጅ አውጥቶ፣ ሰብሳቢው ሲፈቅድ፣ በተሰጠው ደቂቃ መናገር ነበር። መናገር ከንቱ ነው አልልም። ቀድሞ የገንዘብ ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር የነበሩት አቶ ቡልቻ ደመቅሳ በዚያው ምክር ቤት በበጀት ላይ ሲናገሩ ሰው በጥሞና ያዳምጥ ነበር፤ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ በመንገድ ዳር ተቀምጦ የሚያነበውም ሰው ማግስቱን ይወያይበት ነበር። ነገር ግን ንግግር ሰነድ አያስቀርብም፤ ሚኒስትርን ከወንበር አስነሥቶ መልስ አያሰጥም።

ሰነዱስ ባለበት ምን ሆነ? በዚያው የምክር ቤት ዘመን፣ በ1998 ዓ.ም.፣ ዋና ኦዲተር አቶ ለማ አርጋው ለክልሎች በድጎማ ከተሰጠው ገንዘብ 7.2 ቢሊዮን ብር ያህሉ በአግባቡ ሒሳቡ እንዳልቀረበ ለምክር ቤቱ አስታወቁ። የመንግሥት መልስ ክልሎች በድጎማቸው የማዘዝ ሥልጣን የራሳቸው ነው የሚል ነበር። ይህ መልስ የሕግ ክርክር አለበት፤ የፌዴራል ኦዲተር እጅ እስከ ምን ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ዛሬም ቀላል አይደለም። ክርክሩ ግን በምክር ቤት በወግ ተካሂዶ ውሳኔ አላገኘም። አቶ ለማ ከዚያ በኋላ ከኃላፊነታቸው ተነሡ። ዋና ኦዲተር በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በምክር ቤቱ የሚሾም ነው፤ ምክር ቤቱን የያዘውም የጠቅላይ ሚኒስትሩ ድርጅት ነው። እንግዲህ በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በአንድ ዘመን፣ ጥያቄ ያለው ሰው ወንበሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰነድ ያለው ሰው ደግሞ ወንበሩ የተውሶ ነበር።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስል፣ ወይም ደግሞ የግል ተመራጭ ከቶ ምንም አያደርግም እንዳይባል፣ አንድ የውጭ ምሳሌ ልጨምር። በአውስትራሊያ በኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት ጆን ሐተን የሚባሉ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1995 በግል ተመርጠው በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ተቀምጠዋል። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንሥተው ስለ ተደራጀ ወንጀልና ስለ ፖሊስ ብልሹነት ይናገሩ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ሰሚ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ1991 ግን የሆነ ነገር ሆነ። በምርጫው መንግሥት ከ99 ወንበር 49 ብቻ አገኘ። ሐተንና ባልንጀሮቻቸው የሆኑ ጥቂት የግል ተመራጮች ድጋፋቸውን የሰጡት የአሠራር ማሻሻያ በጽሑፍ ተስማምተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሐተን በፖሊስ ላይ መርማሪ ኮሚሽን ይቋቋም የሚል አሳብ አቀረቡ፤ መንግሥት ቢቃወምም ተቃዋሚው ድርጅትና የግል ተመራጮቹ ደግፈውት አለፈ። በዳኛ ጄምስ ዉድ የተመራው ያ ኮሚሽን እስከ 1997 ድረስ ሠርቶ የፖሊሱን ብልሹነት በአደባባይ ዘረገፈው። ልብ በሉ፤ በ1973ም በ1994ም ሐተን ያው ሐተን ናቸው። የተለወጠው ቁጥሩ ነው። አሳብ የማቅረብ መብቱም ቀድሞውኑ ነበር፤ የፈለገ አንድ አባል ጥያቄውን በጠረጴዛው ላይ ሊያኖረው ይችል ነበር።

(በነገራችን ላይ፣ በዚያው ክፍለ ግዛት ፀረ ሙስና ኮሚሽኑን እ.ኤ.አ. በ1988 ያቋቋሙት ጠቅላይ ሚኒስትር ግራይነር እ.ኤ.አ. በ1992 ያው ኮሚሽን በሰጠው ውሳኔ ምክንያት ሥልጣን ለቀቁ፤ በኋላ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮታል። ሰዎቹ ያቋቋሙት መሣሪያ ራሳቸውን የሚነካ መሆኑን እያወቁ ነው የኖሩት።)

የዶክተር ነጋሶ የግል ወንበር በ2002 ዓ.ም. አበቃ። እርሳቸውም ከዚያ በፊት ወደ አንድነት ፓርቲ ገብተው ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. ሊቀ መንበሩ ሆኑ። በግል መቆምን የተዉት ለምን ይሆን ለሚለው ከላይ የቆጠርነው ቁጥር በከፊል ይመልሳል ብዬ አምናለሁ። በ2002ቱ ምርጫ ከገዢው ድርጅትና ከአጋሮቹ ውጭ የገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ አቶ ግርማ ሰይፉ፣ ከከፋ ደግሞ በግል ዶክተር አሸብር ወልደ ጊዮርጊስ። በ2007ቱ ምርጫ አንድም አልገባ። የዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት በእነዚህ ዓመታት ያልተወራረደና ሰነድ ያልቀረበበት ሒሳብ በየዓመቱ ለምክር ቤት ያነብ ነበር። ተነቦም እርምጃ አይወሰድም ነበር፤ ዋና ኦዲተሩ አቶ ገመቹ ዱቢሶ ይህንኑ ደጋግመው በአደባባይ ተናግረዋል።

ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ አንድ መልካም ነገር ታይቶ ነበር። ጥቂት የተቃዋሚና የግል ተመራጮች ገቡ፤ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴም ሰብሳቢነት ለተቃዋሚ አባል፣ ለአቶ ክርስቲያን ታደለ፣ ተሰጠ። ይህ በብዙ አገር የታወቀ ጥሩ ልማድ ነው፤ ሒሳብ የሚጠይቀውን ኮሚቴ የሚመራው ወጪውን ያላወጣው ወገን መሆን አለበትና። ኮሚቴው የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን በኦዲት ግኝት ላይ በግልጽ ስብሰባ ይጠይቅ ነበር፤ ብዙዎቻችሁም በቴሌቪዥን የተከታተላችሁት ይመስለኛል። ሰብሳቢው ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ቀን ታሰሩ፤ ያለመከሰስ መብታቸው የተነሣው ከወራት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ነው። የተከሰሱበት ጉዳይ ከኮሚቴው ሥራ ጋር የተያያዘ አይደለም ይባል ይሆናል። ይሁን። ቅደም ተከተሉ ግን በአንቀጽ 54 ከተጻፈው ጋር አይገጥምም፤ እዚያ ላይ ፈቃዱ ይቀድማል፣ እስሩ ይከተላል።

ዶክተር ነጋሶ ሚያዝያ 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሕክምና ላይ ሳሉ ዐረፉ፤ አስከሬናቸውም በመንግሥት ሥርዓት ተሸኘ። በሕይወት ሳሉ የተነፈጋቸው ክብር በሞታቸው ተመለሰላቸው ያሉ ነበሩ። እኔ በዚህ ብዙ አልጽናናም፤ ለሬሳ የሚሰጥ ክብር በጀት ላይ ጥያቄ አይጠይቅም።

ማኅበራችን ምክር ቤት አይደለም፤ የሕግ አንቀጽም አያሻሽልም። ነገር ግን በእጃችን ያለ ሥራ አለ። የዋና ኦዲተር ዓመታዊ ሪፖርት ለምክር ቤት ከቀረበ በኋላ ሕዝብ የሚሰማው አንድ ሁለት ትልልቅ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩም ያለ ዝርዝር ስለሚነገር ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያና የተሰረቀ ገንዘብ በሰው አፍ አንድ ሆነው ይቀራሉ። ይህ ለሌባው ይመቸዋል፤ ንጹሑን ሠራተኛ ግን ይጎዳዋል። ስለዚህ ከአባሎቻችን መካከል አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ተመርጠው፣ ሪፖርቱ ይፋ በሆነ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ መሥሪያ ቤት በመሥሪያ ቤት እያነበቡ፣ ያለፈው ዓመት ግኝት ምን ያህሉ እንደ ታረመና ምን ያህሉ እንደ ተደገመ በግልጽ አማርኛ የሚያስረዳ ጽሑፍ በዚህ መጽሔት እንዲያወጡ አሳብ አቀርባለሁ። ጽሑፉ ለእያንዳንዱ የምክር ቤት አባል በስሙ ይላክ፤ ለገዢው ድርጅት አባልም፣ ለተቃዋሚውም፣ በግል ለተመረጠውም እኩል። የግል ተመራጩ የጽሕፈት ቤት ረዳትም የድርጅት አጥኚም የለውም፤ ቢያንስ ንባቡን እኛ እናግዘው። ወጪው የወረቀትና የፖስታ ነው፤ ሒሳቡን ሠርቼ ለዋና ጸሐፊው ሰጥቻለሁ። ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ስብሰባ በአጀንዳ ተይዞ ድምፅ እንዲሰጥበት እጠይቃለሁ።